የጉዳት ካሣ ጥያቄን እንዴት ያዘጋጃሉ? ከሰነድ አሰባሰብ እስከ ክስ ማቅረብ

«ይህን ያህል ጉዳት ደርሶብኛል፤ ስንት ካሣ ላገኝ እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሳያቋርጥ ይመጣል። ባለጉዳዩ የደረሰበትን ብቻ ነግሮን ቁጥር መናገር አንችልም። መጠኑን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ጥያቄው በሕጉ በየትኛው ክፍል ሥር እንደሚወድቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ብር በምን ማስረጃ እንደሚደገፍ ነው። ጥሩ የካሣ ጥያቄ ክስ ከመጻፉ በፊት ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም ለዚያ እንዲረዳዎ የተዘጋጀ ነው።

መመሪያው የሚከተለው የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግን ነው። በሥራ ላይ በሠራተኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1156/2011) የሚታይ በመሆኑ፣ የሥሌቱም የጊዜ ገደቡም ደንብ ሌላ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለው ካሣም የራሱ ሕግ አለው። ጉዳይዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ይህን መመሪያ ለስሌት አይጠቀሙበት።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- መታወቂያ፤ በወኪል የሚከሱ ከሆነ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ካረጋገጡ በኋላ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም በኩል ማለፉን ያረጋግጡ።
- ውል ካለ ዋናው ሰነድና ኮፒው፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የባንክ ዝርዝር መግለጫ።
- የአካል ጉዳት ከሆነ የሕክምና ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የምርመራ ደረሰኞች በሙሉ፣ ቋሚ ጉዳት ካለ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ።
- የትራፊክ አደጋ ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን (የቦታው ንድፍ)፣ የተሽከርካሪው የሰሌዳ ቁጥር፣ የመድን ሰጪው ስም።
- የገቢ ማስረጃ፤ ለተቀጣሪ የአሠሪው የደመወዝ ደብዳቤ፣ ለነጋዴ የግብር ማስታወቂያና የሒሳብ መዝገብ።
- የተበላሸው ንብረት ፎቶግራፍ፣ የጥገና ወይም የግዢ ዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ)።
- የምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻ።
- አንድ ደብተር፤ ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ያወጡትን ወጪና ያልሠሩባቸውን ቀናት የሚመዘግቡበት።

ደብተሩን በቀላሉ አይዩት። ከስድስት ወር በኋላ የታክሲ ወጪን በግምት የጻፈ ሰውና በየቀኑ የመዘገበ ሰው ዳኛ ፊት እኩል አይታመኑም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎ ከውል ነው ወይስ ከውል ውጭ?

ከተከሳሹ ጋር ውል ኖሮ ጉዳቱ የመጣው ውሉ ባለመፈጸሙ ከሆነ፣ የሚሄዱት በውል ሕጉ ነው። ውል ከሌለ፣ ለምሳሌ መኪና ከገጨዎት፣ የጎረቤት ግንብ ከተደረመሰብዎት ወይም ውሻ ከነከሰዎት፣ ጥያቄው ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ሥር ይወድቃል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር፣ በአጭሩ ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2027 እና ተከታዮቹ)።

ይህን ማስቀደም የሚያስፈልገው ሁሉም ነገር ከዚህ ስለሚነሳ ነው። በውል ጉዳይ ተከሳሹ ባያጠፋም ውሉን አለመፈጸሙ ብቻ ለካሣ ይበቃል፤ ነጻ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደገጠመው ካስረዳ ነው (ቁ. 1791)። የዕቃ ዋጋ መናሩ በራሱ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም። ከውል ውጭ ግን መነሻው ጥፋት ነው፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል (ቁ. 2028)፤ ጥፋቱ በማሰብ ወይም በቸልተኝነት የተፈጸመ ሊሆን ይችላል። ያለጥፋት ኃላፊነት የሚመጣባቸውን ደረጃ 3 ላይ ያገኛሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ይቁጠሩ

ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (ቁ. 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (የመክሰሻ የጊዜ ገደብ) ካስቀመጠ ረዘም ያለው ይሠራል። ለውል ጥያቄ ጠቅላላው ጊዜ 10 ዓመት ነው (ቁ. 1845)፤ ለአንዳንድ ውሎች ሕጉ ያሳጠረው ጊዜ ስላለ የውልዎን ዓይነት ለይተው ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ ብለው ሁለቱን ዓመት አያሳልፉ። በረዘመው የወንጀል ይርጋ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም ያኔ በካሣው ፋንታ በቀኑ ላይ ይከራከራሉ። ሽማግሌ ይዞ መነጋገርም ጊዜውን ያቆማል ብለው አይመኑ። ድርድሩን እየቀጠሉ ክሱን በጊዜው ያስገቡ፤ ከተስማሙ ስምምነቱን በመዝገቡ ላይ ማስመዝገብ ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይለዩ

ጉዳቱን በእጁ ያደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ የመክፈል ዐቅም የለውም። ሕጉ ከእሱ ሌላ የሚጠየቁ ሰዎችን ስላስቀመጠ ሁሉንም በአንድ ክስ ያካትቱ፦

- የተሽከርካሪ ወይም የማሽን ባለቤት (ቁ. 2081)። መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ባያጠፋም፣ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም ይጠየቃል። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል።
- የእንስሳ ባለቤት (ቁ. 2071)። እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆንም ኃላፊነቱ አለ።
- የሕንፃ ባለቤት (ቁ. 2077)።
- አሠሪ (ቁ. 2130)። ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት።
- አባት (ቁ. 2124)። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ላደረሰው።
- መድን ሰጪ። ተሽከርካሪዎች የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለባቸው (አዋጅ ቁጥር 799/2005)። የመድኑ ክፍያ ጣሪያ ስላለው ከዚያ የሚተርፈውን ከባለቤቱ ይጠይቃሉ። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ የአካል ጉዳት ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ለአንድ ጉዳት ብዙ ኃላፊዎች ካሉ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ (ቁ. 2155)። ይህ ማለት ሙሉውን ገንዘብ ዐቅም ካለው ከአንዱ ማስፈጸም ይችላሉ። በክሱ ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልዎ በሚጠይቁት) ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ቃል በግልጽ ያስፍሩ።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ከተጋጩ ግን ስሌቱ ይለወጣል። የአንደኛው ጥፋት ካልተረጋገጠ በስተቀር ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ተቆጥሮ እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል (ቁ. 2084)። የሌላውን አሽከርካሪ ጥፋት የሚያሳየው ፕላን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ትልቁ ማስረጃዎ ነው።

ደረጃ 4፦ (ለውል ብቻ) ማስጠንቀቂያ ይስጡ

ውል ያልፈጸመን ሰው ከመክሰስዎ በፊት እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ መጠየቅ አለብዎት (ቁ. 1772)። የማያስፈልገው ውሉ ላይ ቁርጥ ያለ ቀን ተቀምጦ ካለፈ፣ ተከሳሹ አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ወይም በውሉ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ከተስማሙ ነው (ቁ. 1775)። የማያስፈልግ ቢመስልዎትም ይስጡ፤ የገንዘብ ዕዳ ወለድ የሚቆጠረው ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ ነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፦

«በ___ ቀን በተደረገው ውል አንቀጽ ___ መሠረት ___ ለማስረከብ ግዴታ ገብተዋል። እስከ ዛሬ አልፈጸሙም። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ እየጠየቅሁ፣ ካልፈጸሙ ውሉን በፍርድ አስገድጄ ለማስፈጸም ወይም ለማሰረዝና ኪሣራዬን ለመጠየቅ የምገደድ መሆኑን አስታውቃለሁ።»

የ15 ቀን ጊዜው ለነገሩ የሚበቃ ይሁን፤ ለወራት የሚወስድ ሥራን በ3 ቀን ጨርስ ማለት ማስጠንቀቂያውን ያደክመዋል። መድረሱን የሚያስረዳ ነገር ይያዙ፤ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ ወይም በኮፒው ላይ ተቀባዩን ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ይስጡት፤ ቀኑንና ስማቸውን ይመዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ጉዳቱን በዓይነት ይበታትኑት

አንድ ድፍን ቁጥር ይዘው አይቅረቡ። ዳኛው የሚመዝነው እያንዳንዱን መስመር ስለሆነ፣ አንዱ መስመር ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም ለይተው ይጻፉት።

*የደረሰ ወጪና ኪሣራ፦* ሕክምና፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ የተበላሸ ንብረት። በደረሰኝ የሚቆም መስመር ነው።

*የተቋረጠ ገቢ፦* ሊያገኙት የነበረና በጉዳቱ ምክንያት የቀረ ገንዘብ። ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው የተጣራ ገቢ ብቻ ይቆጠራል።

*ወደፊት የሚደርስ ጉዳት፦* መድረሱ የተረጋገጠ ከሆነ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም (ቁ. 2092)። ቋሚ የአካል ጉድለትና ሐኪም ያዘዘው ቀጣይ ቀዶ ሕክምና እዚህ ይገባሉ። «ሊብስብኝ ይችላል» የሚል ሥጋት ግን አይበቃም።

*የቀለብ መቋረጥ፦* ተጎጂው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ተወላጆቹ ይደግፋቸው የነበረው በመቅረቱ ካሣ ይጠይቃሉ (ቁ. 2095)። የጋብቻና የልደት ማስረጃ ያያይዙ።

*የሕሊና ጉዳት፦* ብዙ ሰው ትልቅ ተስፋ የሚጥልበት መስመር ይህ ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ሕጉ በግልጽ በፈቀደው ሁኔታ ብቻ ነው (ቁ. 2105)፤ የአካል ጉዳትና ሞት፣ ስም ማጥፋት፣ ከሕግ ውጭ ነጻነትን መከልከል ከነዚህ ይቆጠራሉ። መጠኑ ከብር 1,000 ሊበልጥ እንደማይችል ቁ. 2116 ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው ይህ ጣሪያ ለዛሬ ሰው ስቃይ ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን በሕጉ ላይ እስካለ ድረስ 500,000 ብር የሕሊና ካሣ መጠየቅ የሚያተርፈው ከፍተኛ የዳኝነት ክፍያ ብቻ ነው። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት የተለየ ሕግ ስላለው ያንን ለብቻ ይመልከቱ።

በውል ጉዳይ ደግሞ እነዚህን ይለዩ፦

*የተለመደ ኪሣራ፦* ውሉ ባለመፈጸሙ አስተዋይ ሰው ሲያየው በተለምዶ ይደርሳል የሚባለው (ቁ. 1799)። የዳቦ ምድጃ የገዛ ሰው ሻጩ ካላስረከበው ያንኑ ምድጃ ከሌላ የገዛበት የዋጋ ልዩነት ይህ ነው። ዳቦ ቤቱ ለአንድ ትምህርት ቤት በየቀኑ ለማቅረብ ገብቶት የነበረው ውል ቢፈርስበትስ? ይህንን የሚያገኘው ውሉ ሲደረግ ሻጩ ስለ ልዩ ሁኔታው ተነግሮት ከነበረ ነው (ቁ. 1801)። ስለዚህ ሲዋዋሉ ለምን እንደሚፈልጉት በውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስገቡ፤ ያ ዐረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

*ወለድ፦* የገንዘብ ዕዳ ላይ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው (ቁ. 1751)። ዕዳው 200,000 ብር ከሆነ በዓመት 18,000 ብር፣ በስምንት ወር 12,000 ብር ይሆናል።

*የውል መቀጫ፦* «ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 500 ብር» ዓይነት ቃል ካለ ትክክለኛውን ኪሣራ ማስረዳት ሳያስፈልግዎ መቀጫውን ይጠይቃሉ። ከመቀጫው በላይ ለመጠየቅ ግን ተከሳሹ ውሉን ያልፈጸመው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት መሆኑን ማስረዳት አለብዎት።

ደረጃ 6፦ ያስሉ

ከውል ውጭ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል (ቁ. 2091)። በምሳሌ እንየው። ዕድሜው 40 የሆነ አናጺ በእግሩ ሲሄድ አይሱዙ ገጨው። የተጣራ ገቢው በቀን 600 ብር፣ በወር 25 ቀን ይሠራል፤ በወር 15,000 ብር ማለት ነው። ለ3 ወር አልሠራም፤ ቦርዱ 20 በመቶ ቋሚ ጉድለት ወስኖለታል።

- ሕክምና በደረሰኝ፦ 38,400
- መጓጓዣ፦ 3,200
- የተሰበረ የሥራ መሣሪያ፦ 8,500
- የ3 ወር ገቢ (15,000 × 3)፦ 45,000
- ቋሚ ጉድለት፦ 15,000 × 12 × 20% = በዓመት 36,000። እስከ 60 ዓመት ዕድሜ 20 ዓመት ይቀራል፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ቀድመው ሙሉ ስለታሰቡ በ19.75 ዓመት ይባዛል = 711,000
- ድምር፦ 806,100 ብር፤ የሕሊና ካሣ 1,000 ብር ለብቻው

ሦስቱን ወር ሁለት ጊዜ መቁጠር በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ተከሳሹ ይህን ካገኘ ሌላውንም ስሌትዎን ያጠራጥርበታል። አናጺው ከተፈቀደው ቦታ ውጭ አቋርጦ ከነበረና ፍርድ ቤቱ የ25 በመቶ ድርሻ ካደረገበት፣ የሚያገኘው የ806,100 ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 604,575 ብር ይሆናል (ቁ. 2098)። የ20 ዓመቱ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልም ፍርድ ቤት በርትዕ (ፍትሐዊ ነው ባለው ግምት) ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ 711,000ው የጥያቄው መነሻ መሆኑን ይወቁ።

የቦርዱ መቶኛና የገቢው መቀነስ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ጣቱን ያጣ አናጺና ጣቱን ያጣ የሒሳብ ሠራተኛ ከቦርዱ ተመሳሳይ መቶኛ ሊያገኙ ይችላሉ፤ የሚያጡት ገቢ ግን ይለያያል። ሥራዎ ከተጎዳው አካል ጋር ያለውን ግንኙነት በክሱ ውስጥ በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ያስረዱ።

ደረጃ 7፦ እያንዳንዱን መስመር ከማስረጃ ጋር ያገናኙ

የጉዳቱን መጠንም ተከሳሹ ኃላፊ የሚሆንበትን ምክንያትም የማስረዳት ሸክም የከሳሽ ነው (ቁ. 2141)። አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ የጉዳቱ ዓይነት፣ መጠኑ፣ ማስረጃው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ወይ ማስረጃ ይፈልጉለት፣ ወይ ይተዉት።

ገቢን ማስረዳት ከሁሉ ይከብዳል። ለግብር በዓመት 60,000 ብር ያስታወቀ ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ 600,000 ነበር ቢል፣ ተከሳሹ የሚያቀርብበት የመጀመሪያው ሰነድ የራሱ የግብር ማስታወቂያ ይሆናል። በደብተር የማይሠራ የቀን ሠራተኛ ደግሞ አብረውት የሚሠሩ ሰዎችንና አሠሪዎችን በምስክርነት ያቅርብ። ጉዳት መድረሱ ተረጋግጦ ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በርትዕ ይወስናል (ቁ. 2102)፤ ይህ ግን ማግኘት ሲቻል ያልቀረበን ደረሰኝ አይተካም።

ከብር 500 በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ተበዳሪው በፍርድ ቤት በማመኑ ወይም በመሐላ ብቻ ነው፤ በምስክር አይረጋገጥም (ቁ. 2472)። ለዘመድም ቢሆን ሲያበድሩ ያስፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ክሱን ይጻፉና ያስገቡ

የክስ አቤቱታው የሚይዘው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ (ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ) ቁ. 222 ተዘርዝሯል (በዚህ ደረጃ የተጠቀሱት ቁጥሮች የዚሁ ሕግ ናቸው)፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የተከራካሪዎች ስምና አድራሻ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው መሆኑ፣ የክሱ ምክንያት ከነጊዜውና ቦታው፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። በመጨረሻም እውነት መሆኑ ይረጋገጣል (ቁ. 92)። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አብሮ ይቀርባል (ቁ. 223)፤ ያልተዘረዘረ ሰነድ በኋላ ማስገባት ፈቃድ የሚጠይቅ ጣጣ ነው።

የአካል ወይም የሚንቀሳቀስ ንብረት ጉዳት ክስ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባል። ለፍርድ ቤቱ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽና ለራስዎ አንድ አንድ ቅጂ ያዘጋጁ። የዳኝነት ክፍያው በሚጠይቁት ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ መጠኑን አለልክ ማናር ከኪስ ያስወጣል። መክፈል ካልቻሉ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ (ቁ. 467)።

ከአንድ ድርጊት የመጣውን ጥያቄ በሙሉ በአንድ ክስ ይጠይቁ። ሕክምናውን ዛሬ፣ ገቢውን በሚቀጥለው ዓመት ብለው ቢከፋፍሉ የቀረውን ሊያጡት ይችላሉ። በዳኝነቱ ላይ ወለድን፣ ወጪና ኪሣራን፣ የጠበቃ አበልን በየስማቸው ይጥቀሱ፤ ያልጠየቁትን ፍርድ ቤት አይሰጥዎትም።

ተከሳሹ ንብረቱን ለማሸሽ እየተሰናዳ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለዎት ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር (እንዲያዝ) ያመልክቱ (ቁ. 151 እና ተከታዮቹ)። የመኪናውን ሰሌዳ፣ የቤቱን ቁጥር በትክክል ይጻፉ፤ «ያለውን ንብረት ሁሉ» የሚል ጥያቄ ተፈጻሚ ለማድረግ ያስቸግራል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

- *«በወንጀል ነጻ ስለወጣ ካሣ የለም» ብሎ መተው።* በወንጀል በነጻ መለቀቁ የፍትሐ ብሔሩን ፍርድ ቤት አያስርም (ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2149)። የማስረዳት ደረጃው የተለያየ ነው።
- *ጉዳቱ እንዲባባስ መተው።* ዝናብ የሚያስገባውን የተሰበረ ጣሪያ ሳይሸፍኑ ወራት ካለፉ፣ መከላከል ይችሉት የነበረውን ኪሣራ አያገኙም። በውል ሕጉም ኪሣራን የመቀነስ ግዴታ አለ (ቁ. 1802)። የሸፈኑበትን ወጪ ግን ይጠይቁ።
- *ሆስፒታል ሳሉ «ጉዳዩን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት መፈረም።* የሕክምናው መጨረሻ ሳይታወቅ የተፈረመ ስምምነት ቋሚ ጉድለቱንም ሊዘጋ ይችላል። መቀበል ካለብዎ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይፈርሙ።
- *የተጠገነን ንብረት ፎቶ ሳያነሱ መጠገን።* ከጥገና በኋላ የሚቀረው ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ያ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አይኖርም።
- *ባለቤቱን ትቶ ሾፌሩን ብቻ መክሰስ።* ፍርዱ ይገኛል፤ የሚፈጸምበት ንብረት ይጠፋል።
- *የይግባኝ ጊዜን መርሳት።* ካሣው አንሶ ከተወሰነ ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ውሳኔው በተሰጠ ዕለት የግልባጭ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ግልባጩን ያመለከቱበትንና የወሰዱበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀትም ከመዝገቡ ጋር ያስቀምጡ።